በውል መጨረሻ ላይ ያለችው አጭር አንቀጽ፦ ዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት እንዴት ይሠራል?

ሁለት ወገኖች ለሥራ ሲዋዋሉ ልባቸው ያለው በዋጋው፣ በርክክቡና በትርፉ ላይ ነው። በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ የምትገኘው፣ “አለመግባባት ቢፈጠር” ብላ የምትጀምረው አጭር አንቀጽ ግን ብዙ ጊዜ በወጉ ሳትነበብ ትታለፋለች። ገና ሥራው ሳይጀመር ስለ ጠብ መነጋገር ሟርት የሚመስለውም ሰው ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ ነገ ጠብ ቢመጣ ዳኛው ማን እንደሚሆን፣ ጉዳዩ የየትኛው ሀገር ሕግ ጥላ ሥር እንደሚወድቅ፣ ዳኛው ቢሳሳት ማን እንደሚያርመው አስቀድማ የምትወስነው ይህች አንቀጽ ናት።

የዚህችን አንቀጽ ክብደት ለመረዳት ናይጄሪያ የገጠማትን መመልከት ይበቃል።

ያልተገነባው ማጣሪያ

እ.ኤ.አ በጥር ወር 2010 የናይጄሪያ የነዳጅ ሀብት ሚኒስቴር በብሪታኒያ ቨርጂን ደሴቶች ከተመዘገበ “ፕሮሰስ ኤንድ ኢንዱስትሪያል ዴቨሎፕመንትስ” ከተባለ ኩባንያ ጋር ለ20 ዓመታት የሚቆይ ውል ተፈራረመ። በስምምነቱ መሠረት መንግሥት ያልተጣራ ጋዝ በቧንቧ ያቀርባል፤ ኩባንያው ማጣሪያ ገንብቶ የተጣራውን ጋዝ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ያለ ክፍያ ይመልሳል፤ ከጋዙ የሚለዩትን ፈሳሽ ምርቶች ደግሞ ሸጦ ያተርፋል። ጋዙም አልቀረበም፤ ማጣሪያውም አልተገነባም።

ኩባንያው እ.ኤ.አ በ2012 መንግሥት ውሉን አፍርሷል ሲል ጉዳዩን ወደ ግልግል ዳኝነት ወሰደ። ሦስት አባላት ያሉት የግልግል ጉባኤ ናይጄሪያ ጥፋተኛ ናት ካለ በኋላ እ.ኤ.አ በጥር 2017 በሁለት ለአንድ ድምፅ 6 ነጥብ 6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ካሣ እንድትከፍል ወሰነ። በዚህም ላይ በዓመት 7 በመቶ ወለድ ተጨመረበት። ወለዱ ብቻ በየቀኑ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ዕዳው ዓመት በዓመት እያበጠ ሄዶ ከ11 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። አንድ መሠረት ላልተቆፈረለት ማጣሪያ አንድ ሀገር ይህን ያህል ገንዘብ እንድትከፍል የተገደደችው በመደበኛ ፍርድ ቤት አልነበረም። ሁለቱ ወገኖች በፊርማቸው በመረጡት የግል ዳኝነት ነበር።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ ኃይል ያለው ዳኝነት ምንድን ነው? ኃይሉንስ ከየት ያገኛል?

ሽምግልና አይደለም፤ ፍርድ ቤትም አይደለም

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የግልግል ዳኝነት ሐሳብ እንግዳ አይደለም። በቀደመው ዘመን ባላጋራዎች መንገደኛ አስቁመው “ዳኘን” ይሉ እንደነበር፣ መንገደኛውም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ግራ ቀኙን ሰምቶ ይፈርድ እንደነበር ይታወቃል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም የግልግል ዳኛን “የዘመድ ዳኛ” ሲል ይጠራዋል። የሁሉም መሠረት አንድ ነው፤ ዳኛው ሥልጣኑን የሚያገኘው ከባለጉዳዮቹ ፈቃድ ነው።

ሆኖም የግልግል ዳኝነትን ከሽምግልናና ከዕርቅ መለየት ያስፈልጋል። ሽማግሌ ይመክራል፣ ያግባባል፤ ባለጉዳዩ “አልታረቅም” ካለ ግን ሊያስገድደው አይችልም። የግልግል ዳኛ ግን ማስረጃ ይሰማል፣ ምስክር ይጠይቃል፣ በመጨረሻም ይወስናል። ውሳኔው የተረታውን ወገን ወደደም ጠላም ያስገድደዋል። ይህ ከፍርድ ቤት ጋር ያመሳስለዋል። የሚለየው ደግሞ ዳኞቹን የሚመርጡትም ሆነ የሚከፍሏቸው ባለጉዳዮቹ ራሳቸው መሆናቸው፣ ችሎቱ ብዙውን ጊዜ ለሕዝብ ዝግ መሆኑ፣ በመርሕ ደረጃም ይግባኝ የማይባልበት መሆኑ ነው።

የተለያየ ሀገር ነጋዴዎች ይህን መንገድ የሚመርጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። የጎንደር ሰሊጥ ላኪና የሻንጋይ ገዢ ቢጣሉ፣ ላኪው በቻይና ፍርድ ቤት፣ ገዢውም በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት መዳኘትን በቀላሉ አይቀበሉም። አንዳቸው ለሌላቸው ሀገር ቋንቋም ሆነ ሥነ ሥርዓት ባይተዋር ናቸው። ስለዚህ የሁለቱም ያልሆነ፣ ሁለቱም የመረጡት ዳኛ ይሰየማል። በዘርፉ የበሰለ ልማድም አለ። እ.ኤ.አ በ1892 የተመሠረተው የለንደን የግልግል ተቋምና በ1923 በፓሪስ የተመሠረተው የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት የግልግል ፍርድ ቤት ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ናቸው።

የግልግል ዳኝነት በነጋዴዎች መካከል ብቻ የሚደረግ አይደለም። መንግሥታትም እርስ በርሳቸው ይዳኙበታል። እ.ኤ.አ በ1899 በሄግ የተቋቋመው ቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት ለዚሁ የታሰበ ነው። ኢትዮጵያና ኤርትራ በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም በአልጀርስ በተፈራረሙት ስምምነት መሠረት የተቋቋሙት የድንበርና የካሣ ኮሚሽኖችም የዚሁ ዳኝነት ዓይነተኛ ምሳሌ ናቸው። የካሣ ኮሚሽኑ በነሐሴ 2001 ዓ.ም በሰጠው የመጨረሻ ውሳኔ ለኢትዮጵያ 174 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ለኤርትራ ደግሞ ለግለሰብ አመልካቾች የተወሰነውን ጨምሮ 163 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈርዷል። ሦስተኛው ዓይነት የውጭ ባለሀብት መንግሥትን የሚከስበት ነው። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ግን ከውል የሚነሣው የንግድ ግልግል ነው።

“መቀመጫ” የምትለው ቃል

በግልግል አንቀጽ ውስጥ ከሁሉም በላይ ክብደት ያላት “መቀመጫ” የምትለው ቃል ናት። መቀመጫ ሲባል ዳኞቹ የሚሰበሰቡበት አዳራሽ ማለት አይደለም። ዳኞቹ በናይሮቢ ተሰብስበው፣ ምስክሮችን በቪዲዮ ሰምተው፣ ውሳኔውን ከየቤታቸው ሊጽፉ ይችላሉ። መቀመጫ ማለት የግልግል ዳኝነቱ በሕግ “የሚኖርበት” ሀገር ነው። የዚያ ሀገር ሕግ ሂደቱን ይገዛል፤ የዚያ ሀገር ፍርድ ቤቶች ብቻም ውሳኔውን የመሻር ሥልጣን አላቸው።

በናይጄሪያው ውል ውስጥ የሚገዛው ሕግ የናይጄሪያ ሕግ ነበር፤ ዳኝነቱም በናይጄሪያ የግልግል ሕግ ሥርዓት እንዲካሄድ ተጽፏል። ቦታው ግን ለንደን ተብሏል። እዚህ ላይ ትልቅ ክርክር ተነሣ። ናይጄሪያ ለንደን የስብሰባ ቦታ ብቻ እንጂ ሕጋዊ መቀመጫው ናይጄሪያ ናት አለች። ኩባንያው ደግሞ ሕጋዊ መቀመጫው ለንደን ነው አለ። ጉባኤው የኩባንያውን ክርክር ተቀበለ። በዚህም የናይጄሪያ ፍርድ ቤቶች በጉዳዩ ላይ ሊኖራቸው ይችል የነበረው ሥልጣን ቀረ፤ ውሳኔውን ለመሻር የሚቻልበት ብቸኛ በር በእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች እጅ ገባ። በረቂቁ ላይ አንድ ቃል ተስተካክሎ ቢጻፍ ኖሮ ለዓመታት የዘለቀው ይህ ክርክር ባልተነሣ ነበር።

ውሳኔው እንዴት ድንበር ይሻገራል?

የግልግል ዳኛ ፖሊስም ሆነ የፍርድ አስፈጻሚ መኮንን የለውም። ተረቺው “አልከፍልም” ቢል ረቺው ምን ያደርጋል? መልሱ እ.ኤ.አ ሰኔ 10 ቀን 1958 በተፈረመው የኒው ዮርክ ስምምነት ውስጥ ይገኛል። ከ170 በላይ ሀገራት አባል የሆኑበት ይህ ስምምነት አባል ሀገራት በሌላ ሀገር የተሰጠን የግልግል ውሳኔ ተቀብለው እንዲያስፈጽሙ ያስገድዳል። ስለዚህ ረቺው ባለዕዳው ንብረት ባለበት አባል ሀገር ሁሉ ሄዶ የባንክ ሒሳብ፣ ሕንፃ ወይም የንግድ ዕቃ እንዲያዝለት መጠየቅ ይችላል። ከአንድ ሀገር ፍርድ ቤት የተገኘ ፍርድ እንኳ በሌላው ሀገር ይህን ያህል በቀላሉ አይፈጸምም።

ፍርድ ቤቶች ለማስፈጸም እምቢ ማለት የሚችሉት በጥቂት ምክንያቶች ብቻ ነው። ስምምነቱ ዋጋ የሌለው ከሆነ፣ ተረቺው በአግባቡ ካልተጠራ ወይም መከራከሪያውን ለማቅረብ ዕድል ካልተሰጠው፣ ዳኞቹ ካልተሰጣቸው ጉዳይ ከገቡ፣ የጉባኤው አሰያየም ከስምምነቱ ውጭ ከሆነ፣ ወይም ውሳኔው በመቀመጫው ሀገር ከተሻረ አፈጻጸሙ ሊከለከል ይችላል። ጉዳዩ በአስፈጻሚው ሀገር ሕግ በግልግል የማይዳኝ ከሆነ ወይም አፈጻጸሙ የሀገሪቱን ሕዝባዊ ፖሊሲ የሚጻረር ከሆነም እንዲሁ። “ዳኞቹ ሕጉን በስህተት ተረጎሙ” ወይም “ማስረጃውን አሳንሰው መዘኑ” የሚል ምክንያት ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የግልግል ዳኝነት ፈጣንና የጸና የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። አስፈሪ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የኢትዮጵያ አቋም

ኢትዮጵያ የኒው ዮርክ ስምምነት አባል ሳትሆን ለስድስት ዐሥርት ዓመታት ቆይታለች። በ1958 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የውጭ የግልግል ውሳኔዎች የሚፈጸሙበትን መንገድ ቢያስቀምጥም፣ ውሳኔው የተሰጠበት ሀገር ለኢትዮጵያ ውሳኔዎች ተመሳሳይ ዕውቅና የሚሰጥ መሆኑ እንዲረጋገጥ ይጠይቅ ነበር። ይህ ሁኔታ ለውጭ ባለሀብቶች ሥጋት፣ ለኢትዮጵያውያን ላኪዎችም ጉዳት ነበረው። ምክንያቱም ስምምነቱ ለሁለቱም ወገን የሚሠራ ነው፤ ገንዘቡን በውጭ ያስቀረበትን ገዢ ማሳደድ ለሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ነጋዴም መሣሪያ ይሆናል።

በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 ስምምነቱ ከጸደቀ በኋላ ኢትዮጵያ ነሐሴ 18 ቀን 2012 ዓ.ም የአባልነት ሰነዷን አስገባች። ስምምነቱም ከኅዳር 13 ቀን 2013 ዓ.ም ጀምሮ በሀገሪቱ ላይ ተፈጻሚ ሆነ። ኢትዮጵያ አባል ስትሆን ሦስት ገደቦችን አስቀምጣለች። ስምምነቱን የምትፈጽመው በሌላ አባል ሀገር ለተሰጡ ውሳኔዎች፣ የንግድ ባሕርይ ላላቸው ጉዳዮችና አባል ከሆነች በኋላ ለተደረጉ የግልግል ስምምነቶችና ውሳኔዎች ብቻ ነው። የቆየ ውል ያላቸው ወገኖች ይህን የመጨረሻውን ገደብ ልብ ሊሉት ይገባል።

በዚያው ዓመት የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ወጣ። አዋጁ ከመጋቢት 24 ቀን 2013 ዓ.ም ጀምሮ የጸና ሲሆን፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉና በሥነ ሥርዓት ሕጉ ተበታትነው የነበሩትን ድንጋጌዎች በአንድ ማዕቀፍ ሥር አምጥቷል። የግልግል ጉባኤ በራሱ ሥልጣን ላይ የሚነሣን ክርክር ራሱ አይቶ እንዲወስንም ፈቅዷል።

አዋጁ በግልግል የማይታዩ ጉዳዮችንም ዘርዝሯል። ፍቺ፣ ጉዲፈቻ፣ ሞግዚትነትና ውርስ፣ የወንጀል ጉዳይ፣ ግብር፣ ኪሳራ፣ የሸማቾች ጥበቃ፣ ሊዝን ጨምሮ የመሬት ጉዳዮች በዝርዝሩ ውስጥ ናቸው። የአስተዳደር ውሎችም በሕግ ካልተፈቀደ በስተቀር በግልግል አይዳኙም። ስለዚህ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚዋዋል ሰው በውሉ ላይ የግልግል አንቀጽ መኖሩን አይቶ ብቻ መተማመን የለበትም። ጉዳዩ በሕግ ለግልግል የሚመች መሆኑንም ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ሰበር ሰሚው ችሎት የት ይቆማል?

በኢትዮጵያ የግልግል ዳኝነት ታሪክ ውስጥ ብዙ ያነጋገረው ጥያቄ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ሥልጣን ነው። ተዋዋዮች “ውሳኔው የመጨረሻ ይሆናል” ብለው ከተስማሙ በኋላ ጉዳዩ ወደ ሰበር ሊሄድ ይችላል ወይ? ችሎቱ ቀደም ሲል “አይችልም” የሚል አቋም ነበረው። በኋላ ግን በመዝገብ ቁጥር 42239 አቋሙን ለውጦ፣ መሠረታዊ የሕግ ስህተት እስካለ ድረስ የተዋዋዮቹ ስምምነት ሥልጣኑን እንደማያስቀር ወሰነ። በ2010 ዓ.ም ደግሞ ከኢትዮ ጅቡቲ ምድር ባቡር ጥገና ጋር በተያያዘ በዓለም አቀፍ የግልግል ጉባኤ ለአንድ የኢጣሊያ ኩባንያ ስብስብ የተፈረደውን በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዩሮ ካሣ ሻረ።

ክርክሩ ሁለት ወገን አለው። አንዱ ወገን እንዲህ ያለው ጣልቃ ገብነት የግልግልን ጥቅም ያጠፋል፣ የውጭ ባለሀብቶችም ከአዲስ አበባ እንዲሸሹ ያደርጋል ይላል። ሌላው ደግሞ ሕዝብን የሚመለከት ከፍተኛ ገንዘብ በግል ዳኞች ሲወሰን የሚያርም እጅ መኖር አለበት ይላል። አዋጅ ቁጥር 1237/2013 መካከለኛ መንገድ መርጧል። ተዋዋዮች በተቃራኒው ካልተስማሙ በስተቀር ይግባኝ አይባልም። መሠረታዊ የሕግ ስህተት ሲኖር ግን ተዋዋዮቹ በስምምነታቸው ካላስቀሩት በስተቀር ለሰበር ማመልከት ይቻላል። እዚህም ላይ መልሱ የሚገኘው በዚያች አጭር አንቀጽ ውስጥ ነው። መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገ ተዋዋይ ስለ ሰበር ዝም ካለ በሩ ክፍት ይሆናል፤ ለመዝጋት ከፈለገ በግልጽ መጻፍ አለበት።

የናይጄሪያ ጉዳይ እንዴት ተቋጨ?

በናይጄሪያ ጉዳይ እ.ኤ.አ በነሐሴ 2019 የለንደን ፍርድ ቤት ኩባንያው ውሳኔውን እንዲያስፈጽም ፈቀደ። በወቅቱ ዕዳው ከሀገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ክምችት አምስተኛውን ያህል እንደሚሆን ይነገር ነበር። ናይጄሪያ ግን ውሉም ሆነ ውሳኔው በማጭበርበርና በጉቦ የተገኘ ነው ብላ ምርመራ ጀመረች። የእንግሊዝ ሕግ ውሳኔን ለመቃወም የሚሰጠው ጊዜ 28 ቀናት ብቻ ነው። ናይጄሪያ የመጣችው ከዓመታት በኋላ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ በ2020 የቀረበውን ፍንጭ ከባድ ሆኖ ስላገኘው ጊዜውን አራዘመላት።

እ.ኤ.አ ጥቅምት 23 ቀን 2023 የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለናይጄሪያ ፈረደ። ኩባንያው ሐሰት መሆኑን የሚያውቀውን የምስክርነት ቃል ለጉባኤው ማቅረቡን፣ በውሉ ዝግጅት ለተሳተፈች የሚኒስቴሩ የሕግ ባለሙያ ጉቦ መክፈሉንና ክፍያውን በዳኝነቱ ጊዜም መቀጠሉን፣ በክርክሩ ወቅትም የናይጄሪያን ምስጢራዊ የሕግ ሰነዶች አላግባብ እጁ ማስገባቱን አረጋገጠ። ከ11 ቢሊዮን ዶላር በላይ የደረሰው ዕዳም ተሻረ።

ከጉዳዩ ሁለት ቁም ነገሮች ይወሰዳሉ። የመጀመሪያው ዳኞቹ ከሚቀርብላቸው በላይ ሊያዩ አለመቻላቸው ነው። ናይጄሪያ በጉባኤው ፊት በብቃት አልተከራከረችም፤ ጉባኤውም የተሸፈነውን አላየም። ምስጢራዊነቱ ለነጋዴ ጥቅም ቢሆንም፣ የሕዝብ ገንዘብ ባለበት ጉዳይ ግን ጋዜጠኛም ሆነ ዜጋ እንዳያይ መጋረጃ ይሆናል። የፈረዱት ዳኛ ራሳቸው መንግሥታት ተከራካሪ ሲሆኑና ገንዘቡ እንዲህ ሲገዝፍ ሥርዓቱ በቂ ጥበቃ ያለው መሆኑ እንዲጤን አሳስበዋል። ሁለተኛው የመቀመጫው ነገር ነው። ናይጄሪያ የለንደንን መቀመጫነት ተቃውማ ነበር፤ በመጨረሻ የታደጋት ግን ማጭበርበርን የሚመረምር ጠንካራ ፍርድ ቤት ያለበት መቀመጫ መሆኑ ነው። መቀመጫ ሲመረጥ የሚመረጠው ከተማ ሳይሆን ፍርድ ቤት ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ከመፈረም በፊት ምን ይጠየቅ?

ቡና፣ ሰሊጥ ወይም ቅመማ ቅመም ለውጭ ገበያ የሚልክ፣ ማሽን የሚያስመጣ ወይም ከውጭ ኩባንያ ጋር በሽርክና የሚሠራ ሰው ከመፈረሙ በፊት አምስት ነገሮችን በውሉ ላይ በግልጽ ማየት ይኖርበታል።

አንደኛ፣ መቀመጫው የት ነው? “ቦታ” ወይም “ስፍራ” በሚሉ አሻሚ ቃላት ፋንታ “ሕጋዊ መቀመጫ” ተብሎ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በየትኛው ተቋም ደንብ ይዳኛል? በአዲስ አበባ ንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት ሥር ያለው የግልግል ተቋምም ሆነ በናይሮቢ ያለው ዓለም አቀፍ የግልግል ማዕከል ለአካባቢው ነጋዴ ይቀርባሉ። የሌለ ተቋም ስም በስህተት የተጻፈበት ውል ሌላ ክስ ይወልዳል። ሦስተኛ፣ ዳኞቹ ስንት ናቸው? ሦስት ዳኞች ለትልቅ ጉዳይ ይመቻሉ፤ ለአነስተኛ ውል ግን ወጪያቸው ከክርክሩ ገንዘብ ሊበልጥ ይችላል። በፓሪሱ ተቋም ክስ ለመመዝገብ ብቻ የማይመለስ 5 ሺህ ዶላር ይከፈላል፤ የዳኞች አበልና የጠበቃ ክፍያ ከዚያ በላይ ነው። አራተኛ፣ ቋንቋው ምንድን ነው? ሰነድ ሁሉ ማስተርጎም ራሱን የቻለ ወጪ ነው። አምስተኛ፣ ውሉን የሚገዛው የየትኛው ሀገር ሕግ ነው? ይህ ከመቀመጫው የተለየ ጥያቄ ነው፤ የናይጄሪያው ክርክርም ከፊሉ የመነጨው ሁለቱ በወጉ ሳይለዩ በመጻፋቸው ነው።

ብዙ ጊዜ ውሉን አርቅቆ የሚያመጣው ጉልበት ያለው ወገን ስለሆነ፣ አንቀጹም ለእርሱ በሚመች መልኩ ተጽፎ ይመጣል። በዓለም አቀፍ የቡና ንግድ ውስጥ እንደሚታየው መደበኛ የንግድ ውሎች የራሳቸው የግልግል ድንጋጌ አላቸው፤ ውሉን የፈረመ ነጋዴ ሳያውቀው ከሀገሩ ውጭ ለመዳኘት ተስማምቶ ሊሆን ይችላል። መጠየቅና መደራደር የሚቻለው ግን ሁለቱም ወገን ሥራውን በሚፈልግበት በዚያን ቀን ብቻ ነው። “ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ውኃ ሲጎድል ተሻገር” ይላሉ አበው። በግልግል ዳኝነት ግን መናገሪያው ጊዜ ዳኛው ከመገኘቱም በፊት ነው፤ ብዕር ከወረቀት ከማረፉ አስቀድሞ።